የቮልስን ሞተር ተዉት
«ቮልስ ዳገት ላይ ስለሚሞቅ ሞተሩን አውጥቶ የቶዮታ መግጠም ነው» የሚለው ምክር አልተዋጠልኝም። ቮልስ እኮ ራዲያተር የለውም፣ የሚቀዘቅዘው በንፋስ ነው፤ ማራገቢያው ደግሞ ከዲናሞው ጋር በአንድ ቺንጋ (ቀበቶ) ነው የሚዞረው፣ የዲናሞ መብራት በራ ማለት ማራገቢያውም ቆሞ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ቁም ማለት ነው። እኔም 1300ዋን ቮልሴን ሞዲፋይ ሳስደርግ «ሞተሩ ይታይ» ብዬ የኋላ ኮፈኑን አስነሳሁ፣ በሞተሩ ዙሪያ ያለውን ቆርቆሮና የጠርዙን ጎማ ሳይቀር አስወጣሁ። ማማሩስ አምሮ ነበር! እንጦጦን ስወጣ ግን የተቃጠለ ዘይት ሽታ መኪናዋን ሞላው። ያ ጎማ ለጌጥ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ሙቀት ከሥር ተመልሶ ወደ ማራገቢያው እንዳይሳብ የሚከለክለው እሱ ነው። ቆርቆሮውን ከነጎማው ከሶማሌ ተራ ለቃቅሜ (ግማሹ የሌላ ሞዴል ስለነበር በመዶሻ እየተለመነ ነው የገባው) ስመልሰው ሙቀቱ ጠፋ። ሞተሩ የሚይዘው ዘይት 2.5 ሊትር ገደማ ብቻ ስለሆነ እሱንም ቶሎ ቶሎ መቀየር ነው። «የቮልስ የመስታወት ውሃ ያለ ፓምፕ እንዴት ይረጫል» ለምትል ወንድሜ ደግሞ፣ ፊት ካለው ስኮርታ (መጠባበቂያ) ጎማ በሚመጣ አየር ነው፤ ካልረጨልህ መጀመሪያ ስኮርታህን አስነፋ።