የፈታይዋ ብር የት ገባ?

በዓል ሲቃረብ የአዲስ አበባው የሸማ ገበያ ሽሮ ሜዳ ይደምቃል። ነጋዴው ጋቢውን ይዘረጋና «የእጅ ፈትል ነው» ይላል። ይህን ካለ ዋጋው ከፍ አለ ማለት ነው። ገዢውም አይከራከርም፤ የእጅ ፈትል ለስላሳ ነው፣ ይሞቃልም። ጭማሪውን ያመጣችው የፈተለችው ሴት ናት። እሷ ጋ የሚደርሰው ግን እጅግ ትንሽ ነው።

ሥራው ባብዛኛው አገራችን የተከፋፈለው በአንድ ዓይነት ነው። ዶርዜ ሂዱ፣ ጎጃም ሂዱ፣ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። መንዝ ላይ ጥጡ በበግ ጸጉር ይተካል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ሴቷ የፈተለችውን ወንዱ ባና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ያደርገዋል።

ፈትል ቀላል የሚመስለው ለማያውቀው ነው። መጀመሪያ ፍሬው በመዳመጫ ይወጣል። ጥጡ በደጋን ይነደፋል። የተነደፈው ጥጥ፣ ባዘቶው፣ ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ነው እንዝርቱ የሚነሳው። ክሩ ከቀጠነ ይበጠሳል፣ ከወፈረ ሸማው ይጎረብጣል። በዚህ መሀል ወጥ ይጣዳል፣ ልጅ ያለቅሳል፣ እንግዳ ይመጣል። እንዝርቱ ይቀመጥና እንደገና ይነሳል። ልቃቂቱ፣ የተፈተለው ክር ጥቅል፣ የሚሞላው እንዲህ ነው። ሸማኔው በቀናት የሚጨርሰው ጋቢ ፈትሉ ሳምንታት ይፈጃል። ሆኖም ሴትዮዋ ምን እንደምትሠራ ብትጠይቁ «ቤት ነው ያለችው» ትባላላችሁ።

ዛሬ ድሩ፣ በቁመት የሚወጠረው፣ ባብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። ለእሷ የቀራት በአግድም የሚገባው ማጉ ነው። ነጋዴው ግን አሁንም የሚሸጠው በዚያው በማጉ ስም ነው!

ሸማኔው በልቷታል እያልኩ አይደለም። እሱም ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚኖረው። በሙያው ሲሰደብ የኖረ ሰው ነው፤ አጼ ምኒልክ ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ፈትል ግን ተንቆ አያውቅም። የመኳንንት ሚስቶች እንኳ ይፈትሉ ነበር። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የተከበረችው ያለ ገንዘብ ቀረች። ክብሩ «ሙያ ያላት ሴት» ከሚል ምስጋና አላለፈም። ገበያ ላይ ስለ ዋጋ የሚደራደረው ያለቀ ሸማ የያዘ ሰው ነው።

ታዲያ ሴት ለምን አትሸምንም? ሲባል፣ ሸማኔ በልማድ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ አድርጎ ስለሚሠራ፣ የምንሰማው «ጉድጓድ ውስጥ እግር ዘርግቶ መቀመጥ ለሴት አይሆንም፣ ጉልበትም ይጠይቃል» የሚል ነው። ከመሬት ከፍ ብሎ የሚሠራ የሽመና ዕቃ ከመጣ ቆይቷል፤ ስለዚህ የጉድጓዱ ነገር አብቅቷል። ጉልበቱንማ እንስራ ተሸክማ ዳገት ለምትወጣ ሴት አታንሱባት።

መልሱ ደግሞ ደቡብ ጎንደር፣ ፎገራ ወረዳ ውስጥ አለ። በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው የአውራ አምባ ማኅበረሰብ የእርሻ መሬቱ ጥቂት ስለሆነ በሽመና ይተዳደራል። እዚያ ሴቶች ይሸምናሉ፣ ወንዶች ይፈትላሉ። ሸማው ሸማ መሆኑን አልተወም፤ ወንዱም ወንድነቱ አልቀነሰም።

እኔ የምለው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሸማኔ ማኅበር ሲደራጅ ፈታይዋም በስሟ አባል ትሁን። ለፈትሏ እንደ ጥራቱ የተቆረጠ ዋጋ ይኑራት። ባሏ ሸማኔ ቢሆን እንኳ «የቤት ነው» ተብሎ አይታለፍ። በተለይ ባል የሌላት ሴት ልቃቂቷን ገበያ አውጥታ በተገኘው ዋጋ ነው የምትሸጠው፤ ልጆች የምታሳድገው በዚያ ነው። ሁለተኛ፣ የሽመና ሥልጠና ሲዘጋጅ ለፈታዮች ሴት ልጆች ቦታ ይያዝ። ጥሩ ክር የትኛው እንደሆነ ከማንም በፊት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።