ለክብርት ወይዘሮ የወባ ትንኝ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክብርት ወይዘሮ የወባ ትንኝ
ግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር

ጉዳዩ፦ የምሽት ጉብኝትዎ ሥርዓት እንዲኖረው ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣ ከጅማ ከተማ ተነሥተን፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በኩል በሚገኘው በግልገል ጊቤ ሐይቅ ዳር፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ድንኳን ተክለን ለማደር የመጣን ቤተሰብ መሆናችንን ላስታውስዎ እወዳለሁ። እያንዳንዳችንን ቀምሰው ያለፉ በመሆንዎ፣ ቀበሌ ካለው ማኅደራችን ይልቅ እርስዎ ዘንድ ያለው የተሟላ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

በአገራችን ድንኳን የሚተከለው ለሰርግ ወይም ለለቅሶ ስለሆነ፣ ካስማውን መትተን ሳንጨርስ አንዲት የአካባቢው እናት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው «ማን ሞቶባችሁ ነው?» ሲሉ ጠየቁን። ለሽርሽር መምጣታችንን አማቴ ቢያስረዷቸው፣ «ቤት እያላችሁ?» ብለው ከቅድሙ ይልቅ አዘኑልን። ሐዘናቸው ተገቢ እንደነበር የገባን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ እርስዎ ከነቤተ ዘመድዎ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው ሳይጠሩ መጥተው እስኪነጋ ድረስ አብረውን በተቀመጡ ጊዜ ነው።

የይዞታ ክርክር እንደማላነሣ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። ሐይቁ ሰው ሠራሽ ነው፤ 184 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ ታስቦ የተገነባውና እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው ግድብ የግልገል ጊቤን ወንዝ አቁሮ ያስተኛው ውኃ ነው። ለእኛ ብርሃን እንዲሆን የታሰበው ለእርስዎ ርስት ሆነ። መብራቱ ቤታችን ይመጣል፣ ይሄዳል፤ እርስዎን ግን በፈረቃ ሲሠሩ ዓይተን አናውቅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት፣ ከሐይቁ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ድረስ ባለው ክልል የሚኖሩ ሕፃናት ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ርቀው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ የመያዝ ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አረጋግጧል። ይህን ያነበበችው ባለቤቴ ድንኳኑን 5 ኪሎ ሜትር አርቀን እንድንተክል ሐሳብ ብታቀርብም፣ «ታዲያ ሐይቅ ዳር አደርን ብለን ለሰው ልናወራ ነው?» በሚል ተቃውሞ ሐሳቡ በአብላጫ ድምፅ ወደቀ።

ደም የሚጠጡት እንቁላልዎን ለማሳደግ መሆኑን፣ ባለቤትዎ ግን የአበባ ወለላ እየቀመሱ ከማንም ጋር ሳይጋጩ እንደሚኖሩ እናውቃለን። የእናትነት ጉዳይ ነውና በዚህ አንከራከርም። የሚገርመን ሌላ ነው፤ ሐይቁ ዳር ከብት ሞልቶ፣ እርስዎም የላም ደም የማይንቁ ሆነው፣ ከዚያም አልፎ ልጆችዎን የሚያሳድጉት የከብቶቹ ኮቴ በጭቃው ላይ በተወው ጉድጓድ ባቆረ ውኃ ውስጥ ሆኖ ሳለ፣ አከራዮችዎን ትተው እንግዳ ማሳደድዎ ከየትኛው ባህል የተወሰደ ነው?

ከሩቅ የሚመራዎት የምንተነፍሰው አየር መሆኑን ስለተረዳን፣ አጎቴ ትንፋሻቸውን ቆጠብ እንዲያደርጉ በትሕትና ጠይቀናቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሌሊቱን ሙሉ እያንኮራፉ አድራሻችንን ለመላው ሐይቅ አሰራጩ። አማቴም በበኩላቸው ወገርት አጨሱ። ጭሱ ልጆቹን አስለቀሰ፣ ባለቤቴን ከድንኳኑ አስወጣ፣ እኔን እስከ እኩለ ሌሊት አሳለኝ፤ እርስዎ ብቻ ታጥነው በክብር ቦታዎ ላይ ቀሩ። አጎበር አልነበራችሁም ወይ ቢሉን፣ ነበረን፤ በነፃ የታደለን አጎበር አማቴ ጓሮ በሚገኘው የቡና ችግኝ ላይ ተወጥሮ ስለሚገኝ ይዘነው አልመጣንም። ችግኙ እስከ ዛሬ ድረስ በወባ ታሞ አያውቅም።

ቂም ካለዎት ደግሞ በግልጽ እንነጋገር። ሮናልድ ሮስ የተባለ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1897 ህንድ ውስጥ የወባን ተውሳክ በትንኝ ሆድ ውስጥ አግኝቶ ምሥጢርዎን አውጥቷል፤ በ1902 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበልም ድርሻዎን አላካፈለዎትም። ቅሬታዎ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ጅማ ውስጥ ያሉት የእኔ ልጆች ከገንዘቡ ሳንቲም እንዳልደረሳቸው በመሐላ አረጋግጣለሁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ የከተማ አድራሻችንን ለዘመዶችዎ እንዳይሰጡብን። ከእስያ መጥተው እ.ኤ.አ. በ2016 ቀብሪ ደሀር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን የታዩት ዘመድዎ ረግረግም ሆነ ሐይቅ አያስፈልጋቸውም፤ በርሜልና ሮቶ ካገኙ ከተማ መሀል ይከትማሉ ይባላል። የቧንቧ ውኃ በመጣ ቁጥር ያለንን ዕቃ ሁሉ ሞልተን ስለምናስቀምጥ፣ እኛ ቤት ባዶ ባልዲ ማግኘት ከባድ ነው። እንግዳ ተቀባይነታችን ከዚህ በላይ እንዳይታወቅ እንፈልጋለን።

ስለሆነም ኩሬዎችን የሚደፍን ኮሚቴ እስኪቋቋም፣ ኮሚቴውም ሰብሳቢ እስኪመርጥ፣ ሰብሳቢውም ከስልጠና እስኪመለስ ድረስ ባለው ጊዜ ውስጥ፣ ቢያንስ ልጆቹን ትተው በአጎቴ ብቻ እንዲወሰኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ። አጎቴ በዚህ ስምምነት ላይ አልተጠየቁም፤ ተኝተዋል።

ከሠላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሌሊት ወፍ፣ እንዲሁም ለሐይቁ ዓሦችና እንቁራሪቶች፣ ለአስፈላጊው እርምጃ
ለአማቴ፣ አጎበሩን ከችግኙ ላይ እንዲያነሡ (በቃል ተነግሯቸዋል፤ «ቡናውስ?» ብለዋል)