አሜባ አይደለም አልኩ!

ደሴ ውስጥ ሆዴን ያላከመ ሰው የለም። አንዷ "አሜባ ነው"፣ ሌላዋ "ፌጦ በሎሚ ውሰጂ"። ኧረ በፈጠራችሁ! አልሰራቲቭ ኮላይትስ ይባላል። የገዛ ሰውነቴ መከላከያ የገዛ አንጀቴን እያቆሰለው ነው። አይጋባም። ደግሞ "በዚህ ዕድሜሽ?" አትበሉኝ፤ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው።

የኮምቦልቻ መንገድማ አይነሳ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ፣ ሚኒባሱ ጢም ብሎ፣ ሆዴ ሲቆርጠኝ "ወራጅ አለ" ብዬ የት ልውረድ? ገደል ውስጥ? ፒያሳ ብደርስም የካፌው ሽንት ቤት ተቆልፏል። ቁልፉን ለማግኘት ማኪያቶ ማዘዝ ግዴታ ነው፤ ወተት ደግሞ ለእኔ ሆድ ጠላት።

ይባስ ብሎ ለዚሁ በሽታ የምውጠው መድኃኒት፣ ፕሬድኒሶሎኑ፣ ፊቴን ሲነፋው "ተመችቶሻል፣ ወፈርሽ!" ይሉኛል። ደም እያስቀመጠኝ እኮ ነው የምውለው!