ሙላቱ ሲሸሽ

ጣና ወይም ዝዋይ ዳር ያደገ ሰው የሚያውቀው ውሃ ክረምት ሞልቶ በጋ ይጎድላል፤ ለውጡ በወራት ነው። አሜሪካ ውስጥ ከአትላንታ አራት ሰዓት ያህል ነድቶ ሳቫና አካባቢ ዓሣ ሊያጠምድ የሚወርድ ያገራችን ሰው ግን የሚያገኘው ሌላ ነገር ነው። የጆርጂያ ባሕር ዳርቻ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። ልዩነቱ ከ6 እስከ 9 ጫማ ይደርሳል፣ ሰው የሚውጥ ጥልቀት ነው። ጠዋት ጀልባ ያለፈበት ቦይ ከሰዓት በኋላ ጭቃና ኦይስተር የሚባለው የባሕር እንስሳ ስለታም ቅርፊት ሆኖ ይጠብቃል። ስለዚህ እዚያ ዓሣ ማጥመድ የሚጀምረው የዕለቱን የሙላት ሰዓት ከማየት ነው። ሰዓቱ የሚነገረው ለባሕሩ አፍ ከሆነ ወደ ውስጥ በገቡ ቦዮች ሙላቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ይህን የማያሰላ ሰው ቀድሞ ሄዶ ባዶ ውሃ ላይ ሲወረውር ይውላል።

ሬድ ድረም፣ ብዙዎች ሬድፊሽ የሚሉት፣ የመዳብ ቀለም ያለውና ጭራው ሥር ጥቁር ነጥብ የያዘ ዓሣ ነው። አፉ ወደ ታች ስለሚያዘነብል ከመሬት እየለቀመ ይበላል። ውሃው ሲሞላ ሸርጣን ፍለጋ ዳርቻውን የሸፈነው ረግረግ ሣር ውስጥ ይበተናል፣ ያኔ እሱን ማግኘት ከባድ ነው። ውሃው መሸሽ ሲጀምር ሽሪምፕ የሚባለው ትንሽ የባሕር እንስሳና ትንንሹ ዓሣ ከሣሩ ተገፍቶ በጠባብ ቦዮች ይወጣል። ሬድ ድረሙም የቦዩ አፍ ላይ፣ በኦይስተሩ ጠርዝ ቆሞ ይቀበላቸዋል። ሙላቱ ካለቀ ሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ያለው ጊዜ ለጀማሪ ከሁሉ ይሻላል። እስከ መጨረሻው ጉድለት የቆየ ጀልባ ግን ጭቃ ላይ ይቀራል፣ ቀጣዩ ሙላት እስኪመጣ ስድስት ሰዓት ገደማ መጠበቅ ነው።

ዕቃው ቀላል ነው። 20 ፓውንድ የሚችል የተገመደ ክር፣ ከሥሩ ከ18 እስከ 24 ኢንች ፍሎሮካርቦን የተባለ የፕላስቲክ ክር፣ ከላይ ተንሳፋፊ ቡሽ፣ ጫፉ ላይ ቁጥር 3/0 ሰርክል መንጠቆ። ሕያው ሽሪምፕ ሲሰካ ራሱ ላይ ባለው ቀንድ ሥር፣ ከጥቁሯ ነጠብጣብ ፊት ያልፋል፤ ነጠብጣቧ ከተወጋች ሽሪምፑ ወዲያው ይሞታል። የሪሉ (የክሩ መጠቅለያ) ብሬክ ከክሩ አቅም ሩብ ያህል፣ 5 ፓውንድ ገደማ ላይ ይስተካከላል። ከዚያ በላይ ካጠበቁት ዓሣው ሲሮጥ ክሩ ይበጠሳል፣ በጣም ልል ከሆነ ደግሞ ዓሣው ኦይስተሩ ውስጥ ገብቶ ክሩን ቅርፊቱ ይቆርጠዋል።

ጀማሪ በብዛት ዓሣ የሚያጣው እዚህ ላይ ነው፦ ቡሹ ሲሰምጥ ዘንጉን በኃይል ወደ ላይ ይመነጭቃል። ሰርክል መንጠቆ ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ስለሆነ ምንጨቃው ከአፍ ያወጣዋል። ዘንጉ እስኪጎብጥ ታግሶ ሪሉን ዝግ ብሎ መጠቅለል ብቻ ነው፤ መንጠቆው ራሱ ዞሮ የአፉን ጥግ ይይዛል።

ከዚያ ሜትሩ ይመጣል። በጆርጂያ ከ14 ኢንች ያነሰም ከ23 ኢንች የበለጠም ሬድ ድረም ወደ ውሃው ይመለሳል። 16 ዓመት የሞላው ሰው የማጥመድ ፈቃድና የጨው ውሃ ተጨማሪ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ትልቁን መመለስ ለእኛ ሰው ይከብዳል፤ ለእንግዳ የሚቀርበው፣ ፎቶ የሚነሳው ትልቁ ነውና። ግን ረግረጉ ውስጥ ያለው ዓሣ ገና ልጅ ነው። ወልዶ ለማብዛት የሚደርሰው አራት ዓመት ገደማ ሲሆነው ነው፣ ያኔ ረግረጉን ትቶ ወደ ባሕሩ ይወጣል። ዕድሜው እስከ 40 ዓመት ሊደርስ ይችላል። አንዲት ትልቅ ሬድ ድረም ለብዙ ዓመታት እንቁላል ትጥላለች። በ1980ዎቹ ሉዊዚያና ውስጥ በቅመም አቃጥሎ መጥበስ ፋሽን ሆኖ ትልልቆቹ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በመረብ ሲታፈሱ ዝርያው ክፉኛ ተጎዳ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 ደግሞ በአሜሪካ ፕሬዚዳንት ትእዛዝ ከፌዴራል የባሕር ክልል የተያዘ ሬድ ድረም እንዳይሸጥ ተወሰነ።

ጣና ላይ የሚሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። ነጭ ዓሣ የምንላቸው የጣና ባርበሶች በክረምት መገባደጃ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ይወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ከገባ ወዲህ መረቡ የሚዘረጋው በዚያው ወቅት፣ በወንዞቹ አፍ ላይ ነው፤ ዓሣው ተጠቅጥቆ የሚገኘው እዚያ ስለሆነ። ሆዷ በእንቁላል የተወጠረች ዓሣ ገበያ ላይ ስትዘረገፍ ማየት ያማል። ሕግ የለም እንዳይባል በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315 አለ። የቸገረው ዓሣ አጥማጁ መረቡን ካነሳ በእነዚያ ሳምንታት ምን ይበላል የሚለው ነው። ሳቫና ላይ ዓሣ የሚመልሰው ሰው ለመዝናናት የመጣ ነው፣ ማታ ቤቱ እራት አለው። የርብ አፍ ላይ መረብ የሚዘረጋው ግን የልጆቹን ደብተር የሚገዛበት ወር ላይ ነው፤ መስከረም።