ሰንበሩ የማን ነው?

ደሴ ሰኞ ገበያ ዶሮ የሚገዙ እናቶችን ልብ ብላችሁ ካያችሁ፣ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት እጃቸው ሥራ ይጀምራል። ክንፏን ይዘው ክብደቷን ይገምታሉ፣ የደረቷን አጥንት በአውራ ጣት ይዳብሳሉ፣ የሆዷን ላባ እፍ ብለው ቆዳዋን ያያሉ። «ይቺማ አጥንት ናት» ካሉ አለቀ።

ሰሞኑን ኮምቦልቻ ምህንድስና የሚማር የጎረቤቴ ልጅ የአንድ የውጭ አገር ቄራ ቪዲዮ አሳየኝ። ላባቸው የተነጨ ዶሮዎች በእግራቸው ተንጠልጥለው ይነጉዳሉ፤ ካሜራ ያነሳቸዋል፤ ኮምፒውተሩ የተቀደደ ቆዳ፣ የተሰበረ ክንፍ፣ የበለዘ ጭን እየለየ ደረጃ ይሰጣል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣችው የምርመራ ሥርዓት የመስመሩ ፍጥነት ጣሪያ በደቂቃ 140 ዶሮ ተብሎ ነበር። ለአንዷ ግማሽ ሰከንድ እንኳ አይደርሳትም። «እኛስ ጋ ለምን አይመጣም?» አለኝ።

ይምጣ። እኔ የምጨነቀው ፎቶው ማን እጅ ይቀራል በሚለው ነው።

አንድ የማውቀው አርቢ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ዶሮ ልኮ፣ ተረካቢው «በልዘዋል» ብሎ ከሒሳቡ ቆረጠበት። ሰንበሩን ያሳየው የለም። እሱ ሾፌሩን ጠረጠረ፤ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት እንዴት እንደሚወርዱት ይታወቃል። ሾፌሩ በጫኞቹ አሳበበ። ዞሮ ዞሮ የከፈለው አርቢው ነው።

ሰንበሩን ግን መጠየቅ ይቻል ነበር። በዶሮ ቆዳ ላይ ትኩስ ሰንበር ቀይ ነው። ግማሽ ቀን ሲሞላው ጠቆር ብሎ ወደ ወይን ጠጅ ይሄዳል፤ ቀን ካለፈው አረንጓዴ ይገባበታል፤ ሲሰነብት ወደ ቢጫ ይዞራል። ስለዚህ ቀዩ ሲያዙ፣ ሲጫኑ ወይም እዚያው ቄራው ደጃፍ የደረሰ ነው፤ አረንጓዴው ከአርቢው ግቢ ይዘውት የመጡት። በዚያ ፍጥነት ይህን የሚለይ የሰው ዓይን የለም። ካሜራው መብራቱ ካልተለዋወጠበትና እርጥብ ቆዳ ካላብለጨለጨበት ቀለሙን ይለያል፣ ፎቶውንም ያስቀምጣል። ፎቶው ተረካቢው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከቀረ ግን ያው «በልዘዋል» ነው፣ በማሽን የተባለ «በልዘዋል»።

ሌላው፣ ማሽኑ የሚያውቀው የተማረበትን ፎቶ ነው። በስድስት ሳምንት ገደማ የሚታረድ ደረተ ሰፊ የፈረንጅ ዶሮ ብቻ ካየ፣ እግረ ረጅሟንና ደረተ ጠባቧን የሐበሻ ዶሮ በተፈጥሮዋ ሁለተኛ ደረጃ ሊላት ይችላል። ፎቶው እዚህ ይነሳ፤ ጤናማ የትኛው፣ ጉዳት የትኛው የሚለውን የእንስሳት ሐኪምና ዶሮ የሚያውቅ ሰው ይበይኑ። ከሰኞ ገበያ እናቶች አንዷ ብትጨመርበት ደስ ይለኛል።

(ማን ባረከው የሚለውን ካሜራ አያየውም። ወሎ ላይ ደግሞ ከደረጃ በፊት የሚጠየቀው እሱ ነው፤ የክርስቲያኑና የሙስሊሙ የእርድ መስመር ከመነሻው ይለይ።)

የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፦ ዋጋ የተቆረጠበት ዶሮ ሁሉ ፎቶው ከነሰዓቱ በዚያው ቀን ለአርቢው በቴሌግራም ይላክለት። ይህን ለዚያ አርቢ ስነግረው ትንሽ አሰብ አደረገና «አረንጓዴ ሆኖ ከተገኘ ሾፌሩን ይቅርታ እጠይቀዋለሁ» አለኝ።