ሻይ አገር ደርሶ መልስ

አንድ ወዳጄ ስሪላንካ ደርሶ ከተመለሰ ወዲህ ከእኛ ጋር ሻይ መጠጣት አቅቶታል። ይጠጣል፤ እንደ ሰው ግን አይጠጣም። ብርጭቆውን አንስቶ በመስኮቱ ብርሃን ያያል፣ አፍንጫውን ያስጠጋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ «እህ…» ይላል። ይቺ «እህ» ከባድ ናት፤ እናንተ ምስኪኖች ምን ታውቃላችሁ ማለት ናት። ባለፈው የሰፈራችንን ሻይ ቤት ባለቤት ጠርቶ፣

«እትዬ፣ ይሄ የየት ቅጠል ነው?» አላቸው።

«የሱቅ።»

«ማለቴ፣ የበቀለበት ከፍታ ምን ያህል ነው?»

እትዬ ጎንበስ ብለው ብርጭቆውን መረመሩት። «ከፍ ያለ ቦታ ነው ልጄ፤ ከስኳሩ በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ነው የማስቀምጠው። ምነው፣ ዝንብ ገባበት እንዴ?»

ወዳጄ አየሁ ያለውን ማየቱን አልጠራጠርም። ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለችው ኑዋራ ኤልያ ደርሷል። ከካንዲ ተነስቶ ሻይ በለበሱ ኮረብቶች መሃል የሚጥመዘመዘውን ባቡር ተሳፍሯል፤ በሩ ላይ ተንጠልጥሎም ፎቶ ተነስቷል። (ይኸው ሰው አዲስ አበባ ላይ በሚኒባስ በር የተንጠለጠለ ረዳት ሲያይ «ይሄ ልጅ እናት የለውም?» የሚል ነው።) ኤላ አጠገብ ወዳለው ባለዘጠኝ ቅስት ድልድይ ሄዶም፣ ከመላው ዓለም ከመጣ ሕዝብ ጋር ባቡር እስኪያልፍ ቆሞ ጠብቋል። ባቡሩ ሲመጣ ግን ያየው በስልኩ ነው። ሁሉም በስልኩ ነው ያየው። እኔም በስልኬ አይቼዋለሁ፤ ልዩነታችን የአውሮፕላን ቲኬቱ ነው።

«እሺ፣ ሽታውስ?» ብዬ ጠየቅሁት።

ይቺን ጥያቄ አይወዳትም። የሻይ ማሳ ሻይ ሻይ አይሸትማ! ለምለሙን ቅጠል ቀንጥሰህ በመዳፍህ ብታሸው የሚሸትህ የታጨደ ሳር ነው። ሻይ ሻይ መሽተት የሚጀምረው ፋብሪካ ከገባ በኋላ ነው፤ አየር እየተነፋበት ሲጠወልግ፣ በማሽን ሲታሽ፣ ተዘርግቶ የመዳብ ቀለም እስኪይዝ ሲቆይ፣ በመጨረሻ በትኩስ አየር ሲደርቅ። ታዲያ አገር ጎብኚው ሻይ የሚሸትበትን ቤት ትቶ ሳር ሳር የሚሸት ሜዳ ላይ ፎቶ ሲነሳ ይውላል። ምን ያድርግ፣ ፋብሪካ ጫጫታ አለው፣ ብናኝ አለው፣ ከኋላ ጉም የለውም። ለመገለጫ ፎቶ የሚሆነው ማሳው ነው።

ማሳው ላይ ደግሞ የሚሠራ ሰው አለ። ይሄን ነገር ጎብኚው የሚያውቀው ቅርጫት ሲያስፈልገው ነው። ለቃሚዋ ጎንበስ ብላ ከየቁጥቋጦው ጫፍ ሁለት ለጋ ቅጠልና አንድ እምቡጥ ትቀነጥሳለች፤ ጣቷ ከዓይን ይፈጥናል። አንድ ኪሎ የደረቀ ሻይ ለማግኘት ከ4 እስከ 5 ኪሎ እርጥብ ቅጠል ያስፈልጋል፤ የእሷም የቀን ድካም መጨረሻው ሚዛን ላይ ነው። በስሪላንካ ደጋ ብዙዎቹ ለቃሚዎች እንግሊዞች ከደቡብ ሕንድ ያመጧቸው የታሚል ሠራተኞች ልጅ ልጆች ናቸው። ሥራውን ከአያት ተቀብለውታል፤ አያትየዋ ግን ፎቶ ላይ ፈገግ በይ አልተባለችም። ወዳጄ ይቺን ሴትዮ አስቁሞ ቅርጫቷን ተዋሰ፣ ጀርባው ላይ አዘለ፣ አንድ ቅርንጫፍ ከነግንዱ ገነጠለና ወደ ካሜራው ሳቀ። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ሴትዮዋ ከኋላ ጥግ ላይ ትታያለች፤ ቅርንጫፏን ነው የምታየው። ያ አስተያየት ከአራት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቄም ገብቶኛል፤ እናቴ የጓሮ ጎመን በእግር ኳስ ስንመታባት የምታየን አስተያየት ነው።

ይሄን ስል ቤት ቁጭ ብሎ የሚጠጣ ሰው ብፁዕ ነው ማለቴ አይደለም። ከሩቅ መጠጣትም የራሱ ጉድ አለው። በሺዎች ለሚቆጠሩ እፅዋት ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊኒየስ፣ ሻይ የሚበቅልበት አገር ሳይረግጥ፣ አረንጓዴው ሻይ ከአንድ ተክል ጥቁሩ ደግሞ ከሌላ ተክል ይገኛል ብሎ ሁለት ስም ሰጣቸው። አውሮፓ ይሄን አምኖ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ሮበርት ፎርቹን የሚባል ስኮትላንዳዊ አትክልተኛ ቻይና ሄዶ በዓይኑ ሲያይ ግን ተክሉ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ከ200 ዓመት በላይ ጠዋት ማታ የጠጡትን ነገር አለማወቅ ቀላል ትዕግሥት አይደለም።

ፎርቹን ሌላም ነገር አየ። እንደ ቻይናዊ ለብሶ፣ ጸጉሩን ጎንጉኖ ውስጥ ለውስጥ ሲዞር፣ ለውጭ ገበያ የሚላከውን አረንጓዴ ሻይ ሠራተኞቹ በሰማያዊ ቀለምና በጂፕሰም ሲቀቡት ደረሰባቸው። ለምን ቢባል፣ ባሕር ማዶ ያለው ጠጪ አረንጓዴው ደመቅ ሲል ደስ ይለዋል። ራሳቸው ቻይናዎቹ ያንን አይጠጡም ነበር። እዚህ ላይ እውነቱን እንናገር ካልን፣ ከሩቅ የሚወድ ሰው ምንጊዜም ቀለም ነው የሚጠጣው። እኛስ ብንሆን ካርቶኑ ላይ ያለውን አረንጓዴ ኮረብታ አይተን አይደል የምንገዛው? ዝናብ የመታው፣ ጭቃ ያቦካው፣ ለቃሚዋ የላስቲክ ከረጢት ደፍታ የቆመችበት ኮረብታ ካርቶን ላይ ተስሎ አያውቅም።

ወደ ወዳጄ አገር ልመለስና፣ ስሪላንካ ድሮ የሻይ አገር አልነበረችም። የቡና አገር ነበረች። ጄምስ ቴይለር የተባለ ሌላ ስኮትላንዳዊ (እነዚህ ስኮትላንዳውያን ቤታቸው አይቀመጡም እንዴ?) እ.ኤ.አ. በ1867 በንግድ ደረጃ ሻይ ሲተክል ሰዉ ሁሉ ቡና ላይ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የቡናው ቅጠል ላይ ዋግ ታየ፤ ቆይቶም የደሴቲቱን ቡና ጨረሰው፤ ባለርስቶቹም ፊታቸውን ወደ ሻይ አዞሩ። እንግዲህ ቡና ማለት ከእኛ ደቡብ ምዕራብ ጫካ የወጣ ተክል ነው። የእኛ ልጅ ሄዶ፣ ታሞ፣ ሞቶ፣ ሻይ ወረሰው ማለት ነው። ወዳጄ በባቡር በር ተንጠልጥሎ የሳቀበት ኮረብታ ለእኛ የለቅሶ ቤት ነው። ይሄን ስነግረው «እህ» አላለም፤ ዝም አለ።

ይባስ ብሎ ሻይ ተከትሎን ቤታችን ድረስ መጣ። ኢሉባቦር ጎሬ አጠገብ ጉማሮ ላይ፣ ከፋ ውስጥ ደግሞ ቦንጋ አቅራቢያ ውሽውሽ ላይ ተተከለ። ውሽውሽ ማለት እንግዲህ ቡና በገዛ እጁ በሚበቅልበት ጫካ ደረት ላይ የተነጠፈ የሻይ ማሳ ነው። ሻዩ በሽታ አልያዘው፣ ጎረቤት አልተጣላው፣ በምቾት ተቀምጧል። ዕጣ ማለት ይሄ ነው፤ ቡና ሲሰደድ ይታመማል፣ ሻይ ሲሰደድ ይወፍራል።

እኔም ከሰው አላንስም ብዬ ውሽውሽን ለማየት ሄጃለሁ። ከአዲስ አበባ በጊቤ በረሃ ወርደህ፣ ወጥተህ፣ ጅማን አልፈህ ቦንጋ ስትደርስ ወደ 450 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ያረፍኩበት ቤት እማማ «ምን እግር ጣለህ?» አሉኝ።

«ሻዩን ለማየት ነው እማማ።»

«ሻይ?» አሉና ልጃቸውን ዞር ብለው አዩ። «አንቺ፣ እሳት አያይዢ። ይሄ ልጅ ቡና አልጠጣም።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ኢትዮጵያዊ ሁሉ ያውቀዋል። ቄጠማ ተነሰነሰ። ቡና ታጠበ፣ ተቆላ፣ ጭሱ በአፍንጫዬ ሥር ዞረ። አቦል ተጠጣ። ቶና ላይ ጎረቤት መጣ፣ እንደገና ሰላምታ ተጀመረ። በረካን ሳይጠጡ መነሳት እርግማን ነው ተባልኩ። በረካ ሲያልቅ ዝናቡ ወረደ፤ የከፋ ዝናብ ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፣ ሲነሳም አይሰናበትም። በመጨረሻ ሻዩን ያየሁት ከመኪና ውስጥ፣ ጉም ባለበሰው መስታወት በኩል ነው። አረንጓዴ ነበር። ወገብ ወገብ ላይ ተስተካክሎ የተቆረጠ፣ ምንጣፍ የመሰለ አረንጓዴ። ሰው ካልገረዘው ዛፍ ሆኖ እንደሚወጣ ሹፌሩ ነገረኝ፤ እሱም ሻይ አይጠጣም። እንግዲህ ሻይ አገር ደርሼ አንድ ብርጭቆ ሻይ ሳልቀምስ መመለሴን ለወዳጄ አልነገርኩትም፤ እሱም ይሄን ካነበበ «እህ» ይበለኝ።

እንዲያው ለነገሩ፣ ከማውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሻይን በደንብ የዞረችው የአክስቴ ልጅ ናት። ዶሃ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ የመጣች። የሻይ ማሳ በሩቁም አይታ አታውቅም። እሷ የምታፈላው ከረክ የሚሉት የወተት ሻይ ግን ወዳጄን ራሱን ዓይኑን አስጨፍኖት «እህ» ሳይል አስጨርሶታል። ቅጠሉ ከኬንያ ነው። ሄሉ፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ከጓቲማላ ነው፤ ለባሕረ ሰላጤው ገበያ ሄል በብዛት የምትልከው እሷ ናት። ወተቱ የቆርቆሮ ነው። አፈላሉን ወደዚያ ያመጡት ሕንዶችና ፓኪስታኖች ናቸው። የመጀመሪያ ሰሞን እመቤቲቱ ሦስት ጊዜ ደፍታባታለች፤ በአራተኛው ዝም ብላ ጠጣች። ልጅቱ ከኩሽና ሳትወጣ፣ ፓስፖርቷ በሰው መሳቢያ ተቆልፎበት፣ ዓለምን በድስት አማስላለች። «ሻይ የሚበቅልበትን አገር ማየት አትፈልጊም?» ብላት፣ «ምን ይሠራልኛል፣ እኔን የሚያስፈልገኝ ምድጃው ነው» አለችኝ።

የእኛም ካፌዎች ቢሆኑ አይታሙም። ስሪላንካ ላይ አንዱ ሞቶ ሌላው የወረሰውን ርስት እኛ በአንድ ብርጭቆ አስታርቀን፣ ቡናውን ከሻዩ ላይ አንሳፍፈን፣ «ስፕሪስ» ብለን እንጠጣለን። ይሄን ዕርቅ ያወረደ ሽማግሌ ማን እንደሆነ ባውቅ ሻይ እጋብዘው ነበር።

ሰሞኑን ግን አንድ ነገር ቆጨኝ፤ ማሳውን በመስታወት አየሁት፣ ሻይ ሻይ የሚሸተውን ፋብሪካ ግን አላየሁም። የሚያውቁ ሰዎች «ዝም ብለህ በር ላይ አትሂድ፤ የትብብር ደብዳቤ አጽፍ» ብለው መከሩኝ። ለትብብር ደብዳቤ ወደ አንድ ቢሮ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ ለምን ተረሳን ብለው ቅር ይላቸዋል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ኮሪደሩ ጭር ብሏል፣ ወንበር ላይ ኮት ተንጠልጥሏል፣ ኮቱ ሥራ ላይ ነው።

«ወንድሜ፣ ኃላፊው አሉ?» አልኩት ጥበቃውን።

«አሉ። ሻይ ወጥተዋል።»

«መቼ ይመለሳሉ?»

«ሻይ ሲጨርሱ ነዋ።»

አምስት ሰዓት ሆነ። አምስት ተኩል ሆነ። እኔ ሻይ ፍለጋ 450 ኪሎ ሜትር ሄጄ ተመልሻለሁ፤ እሳቸው መንገድ ማዶ ሄደው አልተመለሱም። «ጋሼ፣ ይሄ ሻይ የት ነው የሚፈላው?» ብዬ ጥበቃውን ጠየቅሁት።

በጣቱ ማዶ ያለችውን ካፌ አሳየኝ። «እዚያ ናቸው። ግን ሻይ ብለህ እንዳትጋብዛቸው፣ ደብዳቤው ይዘገይብሃል» አለኝ፤ «እሳቸው ቡና ነው የሚጠጡት።»