ከላ ረዱት በፊት ያለውንም እዩት

ቅድመ ዳሰሳችሁ የቤልጅየሙ የብስክሌት ውድድር ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ የሚለየው ላ ረዱት ዳገት ላይ ነው ይላል። እውነት አለው፤ ቤልጅየማዊው ብስክሌተኛ ኤቨኔፑል በ2022፣ ስሎቬኒያዊው ፖጋቻር ደግሞ በ2024 እና በ2025 እ.ኤ.አ. ሌሎቹን ጥለው የወጡት እዚያ ነው። እኔ ግን ዓይናችሁን ቀደም ብላችሁ ክፈቱ እላለሁ። ዳገቱ ሥር ወዳለው ረሙሻም ሲገባ ሁሉም ቡድን መሪውን ከፊት ለማስቀመጥ ይጋፋል። እዚያ ወደ ኋላ የቀረ ብስክሌተኛ እግሩ የቱንም ያህል ቢጠነክር፣ ፊት ያሉት ሲፈተለኩ ከማየት በቀር ምርጫ የለውም። ዳገቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፣ ግን አማካይ ተዳፋቱ 9 በመቶ ገደማ ነው። አስፋልቱ ላይ በነጭ ቀለም ተደጋግሞ የተጻፈውን «ፊል» ልብ በሉ፤ እዚያው ሥር ላደገው፣ የ2011 አሸናፊ ለሆነው ለፊሊፕ ዢልቤር ነው። ደስ የሚል ፍቅር!

ከላ ረዱት በኋላ የሚመጣውን ዳገት፣ ሮሽ ኦ ፎኮንን፣ በአንድ መስመር ማለፋችሁ ግን አላሳመነኝም። 1.3 ኪሎ ሜትር በ11 በመቶ፣ ያውም ከ240 ኪሎ ሜትር በላይ ከተጋለበ በኋላ! ከ2019 ጀምሮ የውድድሩ መጨረሻ ከአንስ ዳገት ወደ ሜዳማው ሊዬዥ ስለተመለሰ፣ ከሮሽ ኦ ፎኮን አብረው የተረፉ ብስክሌተኞች ካሉ አሸናፊው በመጨረሻው የፍጥነት ፉክክር ይለያል። በ2021 ፖጋቻር አላፊሊፕን የቀደመው እንደዚያ ነበር።

በሚቀጥለው ቅድመ ዳሰሳችሁ እባካችሁ ስለ አጋዦቹም ጻፉልን። መሪውን ረሙሻም ድረስ ከነፋስ ከልለው የሚያደርሱት እነሱ ናቸው።